መንጠቆም ዓሣም እምቢ ያለችው እህቴ

ቶሎ የምቆጣ ሰው ነኝ። ይህን ገና ከጅምሩ የምነግራችሁ፣ መሐል ስትደርሱ «ይቺን ሴትዮ ምን ነካት?» እንዳትሉ ብዬ ነው። እናቴ «አንችን ሳረግዝ በርበሬ አብዝቸ ነው» ትላለች። ይሁን። ግን በዚያ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኔታንያ በምትባል የእስራኤል ከተማ ውስጥ ከእኔ ጋር የተቀመጠ ሰው ሁሉ፣ እንደኔ በአማርኛም በዕብራይስጥም መስማት ቢችል ኖሮ፣ እንደኔ ጠረጴዛ ይደበድብ ነበር።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ያኔ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ኤይን ሀትኽሌት በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ ማትናስ፣ ማለትም የሰፈሩ ሰው ልጁንም ጉዳዩንም ይዞ በሚመጣበት ማዕከል፣ መገሸሬት ሆኜ እሠራ ነበር። መገሸሬት ማለት በእኛ ሰውና በመሥሪያ ቤቱ መካከል ቆማ የአንዱን ነገር ለሌላው የምታደርስ ሴት ናት። አስተማሪዋ የተናገረችውን ለእናትየዋ፣ እናትየዋ የተናገረችውን ለአስተማሪዋ አደርሳለሁ። ሁለቱ ሳይግባቡ ሲቀሩ ሁለቱም የሚቆጡት በእኔ ነው።

እናቴ እኔንና ታናናሾቼን ይዛ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ስትመጣ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ታላቄ አዛለች ግን አብራን አልነበረችም። ገና በልጅነቷ ተድራ ከጎንደር ወደ ቆላው ወረድ ካለ አገር ነበረች፤ የአማቶቿ ቤት ደግሞ ከእኛ መንደር በእግር ሁለት ቀን ያስኬዳል። መልእክት ተላከባት፣ አልደረሰም። «ግድ የለም፣ ተከትላን ትመጣለች» ተባለ። ይኸው እስካሁን እየተከተለችን ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ ባሏ ሞተ። እሷም «በቅርቡ ይወስዱናል» የሚል ወሬ ስትሰማ በሬዎቿን ሽጣ፣ መሬቷን ለባሏ ዘመዶች ትታ፣ ሁለት ልጆቿን ይዛ ጎንደር ከተማ ገባች። እንደ እሷ ወደ እስራኤል ለመሄድ የሚጠብቁ ሰዎች ባሉበት ሰፈር አንዲት የጭቃ ቤት ተከራየች። ያ በቅርቡ የተባለው ነገር ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። ልዩነቱ የእህቴ ላም በስልክ ታወራታለች፤ እኔ ነኝና።

ኔታንያ ያለን የጎንደር ሰዎች፣ ጽዳት የምንሠራውም፣ ጥበቃ የምንቆመውም፣ ፋብሪካ ያለነውም፣ ለነዚያ ለሚጠብቁት ልጆች በቀን አንድ ጊዜ ምሳ የሚበሉበት ማዕድ ቤት እዚያው ጎንደር አቁመን ነበር። ምስር በእንጀራ፣ አንዳንድ ቀን እንቁላል። የእህቴ ልጆች ማስተዋልና ዮናስ በደንብ የሚበሉት እሱን ብቻ ነው። መዋጮው እየሳሳ ሲሄድ አንድ ትንሽ የበጎ አድራጎት ኮሚቴ ወጪውን ተቀበለን። ኮሚቴው በየአገሩ ድህነትን ለመቀነስ የሚሠራ ነው፤ አንዱ አገር የውሃ ጉድጓድ፣ ሌላው አገር ዶሮ እርባታ አድርጓል። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ተከፋፈለ።

የኮሚቴው መሪ ሽሙኤል ነበር። ጡረታ የወጣ የፕላስቲክ ፋብሪካ ባለቤት፣ ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ የነጣ፣ ልቡ ደግ ሰው። በዕብራይስጥ አንቱታ ስለሌለ «አንተ» ነው የምለው፤ እናቴ በሰማችኝ ቁጥር ትሳቀቃለች። ሽሙኤል በየስብሰባው የሚላት አንዲት አነጋገር አለችው፤ እዚህ አገር ሰው ሁሉ ይላታል፤ «ዓሣ አትስጠው፣ መንጠቆ ስጠው»። መንጠቆው አሁን የስፌት መኪና ሆኗል። ሴቶቹ ሠልጥነው በየቤታቸው ይስፉ፣ ራሳቸውን ይቻሉ፣ ማዕድ ቤቱም ይዘጋ ይላል።

ተቃዋሚው ታማር የምትባል ወጣት ነበረች። ዐጋሚም በሚባለው ሰፈር ካሉት አዳዲስ ፎቆች በአንዱ ትኖራለች፤ ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ይሄንኑ ነው፣ ድህነትን። እሷ ደግሞ «መንጠቆውንም እናንተ መረጣችሁላቸው» ትላለች። «ጥሬ ገንዘቡን በየወሩ በእጃቸው ስጧቸው። ምን እንደሚያስፈልጋቸው ከእኛ የበለጠ ያውቃሉ።» ማዕድ ቤቱ በእሷም ሐሳብ ይዘጋል። ሰው ተሰልፎ መብላት የለበትም፣ ክብሩ ይነካል ነው የምትለው።

ሁለቱም እውነት ነበራቸው። እኔንም ያንገበገበኝ እሱ ነው። አንዱ ሞኝ ቢሆን ኖሮ ከሌላው ጋር ወግኜ እገላገል ነበር።

ውሳኔው ሐሙስ ሊሆን ተቆረጠ። ከዚያ በፊት ግን ከሚጠብቁት ሴቶች አንዷን በስካይፕ ማነጋገር ፈለጉ። አዛለች ተመረጠች፤ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። እህቴ መሆኗን ነግሬያቸዋለሁ። «እንዲያውም ጥሩ፣ ሳትፈራ ታወራለች» አለ ሽሙኤል።

ማክሰኞ ጧት የኔታንያ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ ቆሜ ደወልኩላት።

«አዛለች፣ ሐሙስ ሰዎቹ ሊያነጋግሩሽ ነው። የስፌት መኪና ሊሰጡሽ ያስባሉ። ሥልጠናም አለው።»

«የት ላስቀምጣት?» አለችኝ።

«ቤትሽ ነዋ! የት ታስቀምጫታለሽ?»

«ምን ቤት አለኝ? ተነሽ እስኪሉኝ ያረፍሁባት ናት እንጅ።»

አንድ ጊዜ ሄጄ ያቺን ቤት አይቻታለሁ። አልጋ የለም። ልብሱ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ የሚለበሰው ይፈታል፣ ታጥቦ ተመልሶ ይታሰራል። ጓሮው ለአንድ መደብ ጎመን ይበቃል፤ ባዶውን ነው። ለምን ብዬ ብጠይቃት «ጎመኑ ሳይደርስ ብንጠራስ?» ነበር ያለችኝ። ከዚያ ወዲያ ስንት ጎመን ደርሶ ይበላ ነበር።

«አዛለች፣ መኪናዋን ውሰጃት። ልጆቹ…»

«ሱቅ የከፈተችዋን ሴት አልሰማሽም?» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ንግድ ፈቃድ አወጣች፣ ታፔላ ሰቀለች። ኋላ ማን ይሂድ የሚሉት የእስራኤል አጣሪዎች ቢመጡ ‹ይችማ ተደላድላለች፣ ምን አስቸኮላት› ብለው ስሟን ሰረዙት።»

«ማን አየ?»

«ሰው ሁሉ ያውቃል።»

ይህን ወሬ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። በምችለው ሁሉ ጠያይቄ፣ እንዲህ ያለ ሕግ አለ ያለኝ ሰው የለም። ያቺን ሴት በዓይኑ ያየ ሰውም አላገኘሁም። ይህንኑ ነገርኳት።

«አንች እዛ ሁነሽ ታውቂያለሽ፣ እኔ ደሞ እዚህ ሁኘ አውቃለሁ» አለች። አውቶቡሱ መጣ። አልተሳፈርኩም፤ ቆሜ መጮህ ነበረብኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ ስትሰማኝ ቆይታ «በይ ደኅና ዋይ፣ ማስተዋልን ላስነሳት» ብላ ዘጋችው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ማትናስ ውስጥ ባለ ክፍል ተሰበሰብን። ጠረጴዛው ላይ ቡሬካስ የሚሉት ሳምቡሳ መሰል ነገርና ለስላሳ አለ፤ ግድግዳው ላይ ሸራ ተዘርግቷል። የኮሚቴው ሰዎች ስድስት ሰባት ይሆናሉ። ከእኛ ወገን አባ ቢተው ነበሩ፤ በሱዳን በኩል የመጡ፣ ኔታንያ ያለ ሐበሻ ሁሉ ሲጣላ የሚያስታርቁ ሽማግሌ። እናቴ ማንም ሳይጠራት መጥታ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። «ፊቷን ልይ ብየ ነው፣ ምንም አልናገር» አለችኝ። እናቴ ምንም አልናገርም ስትል መፍራት ነበረብኝ።

አዛለች ሸራው ላይ ብቅ አለች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። ሥዕሉ ይቆምና ይንቀሳቀሳል። ከኋላዬ እናቴ «ኧረ ከሳች» ስትል ሰማኋት።

ሽሙኤል በጥሩ ፊት ጀመረ። «ሰላም አዛለች። የስፌት መኪና ብንሰጥሽ፣ ብናስተምርሽ፣ ሠርተሽ ልጆችሽን ማሳደግ ትፈልጊያለሽ?»

ተረጎምኩ። እህቴ ቀና አለች። «እግዜር ይስጥልኝ በያቸው። ሥራ አልጠላም። በገጠር ወንድ የሚሠራውንም ሠርቻለሁ። ግና መኪናዋን አልወስድም። መኪና ካለኝ ሥራ አላት፣ ኑሮ አላት ይሉኛል። ከዚያ ማን ይጠራኛል?»

ቃል በቃል አደረስኩ። ማለሳለስ ይቻል ነበር፤ ብዙ ቀን አለሳልሻለሁ፤ ዛሬ ግን የእህቴ ነገር ነው፣ በራሷ አፍ ይሰማ አልኩ። የሽሙኤል ፊት ወረደ። «እና መሥራት አትፈልግም?»

«እንደዚያ አላለችም» አልኩ።

«ተመልከት» አለች ታማር፣ ወንበሯን ወደፊት ስባ። «እኔ ያልኩት ይሄንን ነው። መርጠን ስንሰጣቸው አይሆንም። ትርንጎ፣ ጠይቂልኝ፤ በየወሩ ገንዘብ ቢመጣላት ምን ታደርግበታለች?»

ጠየቅኋት። በልቤ «ልጆቼን አበላበታለሁ በይ፣ እባክሽ እንደሱ በይ» እያልኩ ነበር።

አዛለች አሰበች። «አስቀምጠዋለሁ» አለች። «አንድ ቀን ተነሱ ሲሉን ለመንገድ ይሆናል። ለልጆቹም እዛ ሲደርሱ የሚለብሱት ደኅና ልብስ እገዛለሁ። ዘመድ ፊት በቡትቶ አይቆሙም።»

«ለምግብ አታወጣውም?» አለች ታማር።

«ልጆቹን ማዕድ ቤቱ ያበላቸዋል። እሱን አትዝጉብን እንጅ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

የታማርም ፊት እንደ ሽሙኤል ወረደ። አንዷ ሴት መንጠቆውንም ዓሣውንም በአንድ ትንፋሽ መለሰችላቸው። ሽሙኤል መነጽሩን አውልቆ «ትርንጎ፣ ማዕድ ቤቱ ከፋሲካ በኋላ የለም። ይሄ ተወስኗል። ንገሪያት» አለኝ።

እንግዲህ ቁጣዬ የመጣው እዚህ ላይ ነው። በእነሱ መቆጣት ነበረብኝ፤ የተቆጣሁት ግን በእህቴ ነው። መተርጎሙን ተውኩትና በአማርኛ ጮህኩባት።

«ማዕድ ቤቱ ይዘጋል! ሰማሽ? ይዘጋል! ልጆችሽ ምን ሊበሉ ነው? ወሬ? መኪናዋን ውሰጃት፤ ምን አባሽ ያስፈራሻል? እስከ መቼ ነው ታስረሽ የምትቀመጪው?»

«አትጩሂብኝ» አለች። «አንች በልተሽ ነው የምትጮሂው።»

«አዎ በልቼ ነው! ይራቡ ታዲያ!»

ሽሙኤል «ምን ትላለች? ምን ትላለች?» ይላል። ታማር ትከሻዬን ይዛለች። እህቴ ሸራው ላይ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋለች። ያን ጊዜ አባ ቢተው ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡና ወደ ሸራው ቀረቡ። እኔን በእጃቸው ዝም በይ አሉኝ።

«አዛለች፣ ልጀ፣ ታይኛለሽ?»

«አይዎታለሁ አባ።»

«ስሚኝማ። ሱዳን መጠለያ ሳለን ‹ነገ ትሄዳላችሁ› ይሉናል። ነገ ነገ ሲባል ክረምቱ ገባ። ሰዉ ሁሉ በጭራሮና በላስቲክ ዳስ ሲቀልስ እኔ እምቢ አልሁ። ዳስ ከሠራሁማ እዚሁ ልቀር ነው ብየ። ሚስቴ ለመነችኝ። እምቢ አልሁ። ልጀን ዝናብ መታው፤ ሳል ያዘው። ከቀበርሁት ወዲያ ነው ዳስ የሠራሁት።» ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ አንድ ጊዜ መቱ። «የሚጠብቅ ሰው መብላት አለበት ልጀ። መጠለል አለበት። ውሰጃት።»

አባ ቢተውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ልጅ ቀብረው እንደመጡ ግን አላውቅም ነበር። እናቴም አታውቅም፤ ኋላ ላይ እያለቀሰች ነገረችኝ።

እህቴ ነጠላዋን ከዓይኗ ላይ አንሥታ በቀስታ «እግዜር ያጽናዎ አባ» አለች። «አንቱ ግን እስራኤል ገብተዋል።»

አባ ቢተው ተመልሰው ተቀመጡ። ሽሙኤል እንድተረጉምለት ይጠብቀኛል። የሞተውን ልጅ ተረጎምኩ፤ የእህቴን መልስም ተረጎምኩ። ሽሙኤል በእጁ አገጩን ይዞ ወደ መሬት አየ። ደግ ሰው ነው ብያለሁ።

ይሄኔ ነው እናቴ ከኋላ የተናገረችው።

«ለርቢ ስጫታ!»

ሁላችንም ዞርን።

«ለርቢ ስጫት እላለሁ» አለች ተነሥታ፣ ወደ ሸራው እየተጣራች። «አንች አዛለች! ላም ያለው በረት የሌለው ሰው ምን ያደርጋል? በረት ላለው ለርቢ ይሰጣል። ያች ጎረቤትሽ፣ ስትመጭ ያስጠጋችሽ ሴትዮ፣ ዘውዲቱ፣ የማንንም መጥራት አትጠብቅም፣ አገሯ ነው። መኪናዋ በሷ ስም ትሁን፣ በሷ ቤት ትቀመጥ። ትስፋ። ከሚገኘው እኩል ተካፈሉ። አንች ምን አለሽ? ምንም የለሽም። ልጆቹ ግን ይበላሉ።»

የእህቴ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ሥዕሉ እየቆመም ቢሆን አየሁት። «ዘውዲቱ እጇ ደግ ነው» አለች። «በእጇ ስትሰፋ እንኳ ሰው ይወድላታል። መኪና የላትም እንጅ።» ከዚያ ፈገግ አለች። «መኪና ትወልዳለች እንዴ እማየ?»

«አትወልድም፣ ትታለባለች!» አሉ አባ ቢተው። እኛ ሐበሾቹ ሳቅን። ከልቤ ሳቅሁ። ተገላገልን አልኩ። ሰማዩ ተከፍቶ መልሱ የወረደ መሰለኝና ለኮሚቴው ለማስረዳት ዞርኩ።

ርቢ ማለት ምን እንደሆነ በዕብራይስጥ ቃል ስለሌለው በረጅሙ አስረዳሁ። ከብት ያለው ሰው፣ ግጦሽና ጉልበት ላለው ሰው ላሚቱን ይሰጣል። ያኛው ይጠብቃታል፣ ያልባታል፤ የተወለደውን እኩል ይካፈላሉ። ሽማግሌ ምስክር ይቆማል። ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ በጎንደር ገጠር ብዙ ድሃ ከብት ያገኘው እንዲህ ነው።

ሽሙኤል በትዕግሥት ሰማኝ። «ቆይ፣ ማን ነው የሚሰፋው?»

«ጎረቤቷ።»

«እህትሽስ?»

«ግማሹን ትወስዳለች።»

«ምንም ሳትሠራ?»

«መኪናዋ የእሷ ናት…»

«ግን በእሷ ስም አይደለም። በቤቷም አይደለም። እሷም አትነካም።» እጆቹን ዘረጋ። «ትርንጎ፣ እኛ ሰው ራሱን እንዲችል ነው የምንሰጠው። ይሄ ሌላ ሰው ሠርቶ እንዲያበላት ነው።»

ወደ ታማር ዞርኩ። ሰው ምን እንደሚያስፈልገው ራሱ ያውቃል የምትለው እሷ አይደለች? ታማር ግን ፊቷ ቀልቷል። «ይቅርታ፣ ይሄማ የጭሰኛ ሥርዓት ነው» አለች። «አንዷ ድሃ ትሠራለች፣ ሌላዋ ድሃ ግማሹን ትወስዳለች። ጎረቤቷን መበዝበዝ ነው። ከሆነማ ለምን መኪናዋን ለጎረቤቷ አንሰጥም?»

«ጎረቤቷ የእኛ ተረጂ አይደለችም» አለ ሽሙኤል።

«ትክክል» አለች ታማር።

አያችሁ? ስንት ወር ሙሉ በአንድ ነገር ተስማምተው የማያውቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ማዕድ ቤቱን በመዝጋት ተስማሙ፤ የእናቴን ሐሳብ በመጣል ተስማሙ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ።

አባ ቢተው ታማር ምን እንዳለች ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። በተሰባበረ ዕብራይስጣቸው ራሳቸው መለሱላት፤ «እኔ ነበርሁ ጭሰኛ። መሬት የሌለኝ፣ ያመረትሁትን የምገፈፍ። ጭሰኛ ባለመሬቱን አይመርጥም። ርቢ ተመራርጠው፣ ተማምነው ነው።» ታማር አንገቷን ደፋች፤ ይቅርታም ጠየቀቻቸው። ሐሳቧን ግን አልለወጠችም።

እኔም ጠረጴዛውን የደበደብኩት ያኔ ነው። ለስላሳው ተደፋ። ያልኩትን ሁሉ አልጽፍም፤ ከፊሉ በዕብራይስጥ ከፊሉ በአማርኛ ነበር፤ እናቴ እንኳ «ተይ አንች» ብላ ቀሚሴን ጎትታኛለች። ፍሬ ነገሩ ግን ይሄ ነበር። «አንተ እንድትሠራ ትፈልጋለህ፣ አንቺ እንድትመርጥ ትፈልጊያለሽ። ይኸው መረጠች! መምረጥ ማለት እናንተ የምትወዱትን መምረጥ ብቻ ነው እንዴ?»

ሸራው ላይ አዛለች ምንም ሳይገባት ታየናለች። «ትርንጎ፣ ምን አሉ? እሽ አሉ?» ትላለች። ከመመለሴ በፊት መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግመን ብንሞክርም አልተገኘችም።

ኮሚቴው ድምፅ ሰጠ። የስፌት መኪናዎቹ አለፉ፤ ሥልጠናውን የወሰደች ሴት በስሟ ፈርማ ትቀበላለች ተባለ። ለታማር ሲባል ደግሞ ለጥቂት ቤተሰብ ገንዘብ በሙከራ ይሰጣል ተባለ። ማዕድ ቤቱ ከፋሲካ በኋላ ይዘጋል። መኪናዋን እምቢ ያለችው፣ ገንዘቡንም አስቀምጠዋለሁ ያለችው እህቴ ከሁለቱም ውጭ ናት።

ከማትናሱ ወጥተን ቤታችን በር ላይ ስንደርስ እናቴ «መኪና ጎንደር ገበያ አይሸጥም እንዴ?» አለችኝ።

ዓርብ ጧት፣ ሰንበት ሳይገባ፣ እናቴና አባ ቢተው የመኪና መግዣ ሊያሰባስቡ ሰፈሩን ዞሩት። ለማዕድ ቤቱ ማዋጣት የሰለቸው ሰው ለዚህ እንዴት እጁን ፈታ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። እኔም ገርሞኝ ጠይቄ ነበር። አንድ ዘበኛ ጎረቤታችን «ርቢ አውቃለሁ፤ አባቴ ከብት ያገኘው በሱ ነው» አለኝ። በቃ፣ የሚያውቁት ነገር ስለሆነ ነው። በሳምንቱ መኪናዋ ተገዛች። ጎንደር ላይ አንድ ሽማግሌ ምስክር ቆሙ፤ ኔታንያ ላይ አባ ቢተው በስልክ ምስክር ቆሙ። መኪናዋ ዘውዲቱ ቤት ገባች።

ሁሉም አማረ ብዬ አልዋሻችሁም። የኮሚቴው መኪናዎች ጎንደር ደርሰው ብዙዎቹ ከነካርቶናቸው ቆዩ፤ እንደ እህቴ የሚፈሩ ብዙ ነበሩና የምትፈርም ጠፋች። ሽሙኤል አዘነ፤ «ምን በደልኳቸው?» ይለኝ ነበር። ገንዘቡን ያገኙት ጥቂት ቤተሰቦች ግን ደኅና ሆኑ፤ ታማር በዚህ ልክ ነበረች፣ አልክድም። ማዕድ ቤቱ ሲዘጋ ሁለት ሦስት እናቶች የእናቴን ዘዴ ተከተሉ። የቀሩት ልጆች ምሳቸውን አጡ። እነሱን ሳስብ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል፤ የምቆጣበትን ሰው ግን አላገኝም። ክፉ ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም።

አንባቢዎቼ፣ ያ ቀን በእኔ ላይ የለወጠውን ልንገራችሁ። ከዚያ በፊት ወደ አንድ ቤት ስገባ የምጠይቀው «ምን ጎደላችሁ?» ብዬ ነበር። የጎደለውን እጽፋለሁ፣ ለጎደለው ፕሮጀክት እፈልጋለሁ። አሁን ግን መጀመሪያ «ምን ትጠብቃላችሁ?» እላለሁ። እዚሁ ኔታንያ ውስጥ፣ ሥልጠና ተመዝግባ የማትሄድ አንዲት እናት ነበረች፤ ሁሉም ሰነፍ ይላታል። ምን እንደምትጠብቅ ስጠይቃት፣ ወንድሟ ከጎንደር ሊመጣ ነው እየተባለ ስንት ጊዜ ሥራ ትታ እንግዳ መቀበያ ስታዘጋጅ እንደኖረች ነገረችኝ። ድሃ ሁሉ የሚጠብቅ ነው አልልም። ለሚጠብቅ ሰው ግን የምትሰጡት ነገር፣ ከሚጠብቀው ነገር ጋር እንዳያጣላው ጠይቁ። ይህን ያልጠየቀ ሰው የፈለገውን ያህል ደግ ቢሆን፣ የፈለገውን ያህል ቢማር፣ እኔ ፊት ድህነትን ቀነስኩ እንዳይለኝ።

ከዓመት በኋላ ሽሙኤል ደወለልኝ። ስለ ዘውዲቱና ስለ መኪናዋ ከሰው ሰምቶ ኖሮ ደስ ብሎታል። ለኮሚቴው አዳዲስ ለጋሾች የሚያሳየው አንድ ፎቶ እንድልክለት ጠየቀኝ፤ እህቴ መኪናዋ አጠገብ ተቀምጣ። በእናቴ ሐሳብ ባይስማማም ሥራው መልካም ነውና ይታይ አለኝ።

ለአዛለች ደወልኩላት።

«ፎቶ?» አለች። «ከመኪናዋ ጋራ? አብደሻል እንዴ!»

«ሰውየውን ምን ልበለው ታዲያ?»

«ልጆቹ በልተዋል በይው።»

ለሽሙኤል መልሼ ደወልኩና እንዳለችው ነገርኩት። ከልቡ ተጨንቆ፣ «እሺ፣ እሱን ግን በፎቶ እንዴት አድርጌ ነው የማሳየው?» አለኝ።